ሁለት... ዝም... አንድ

ይሄ ታሪክ እውነት ነው።

የጓደኛዬ ጓደኛ የነገረችኝ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያልፈለገ ከአሁኑ ወደ ሌላ ቻናል ይሂድ፣ አልቀየመውም።

ደግሞ አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሁልጊዜ ሌሊት፣ ሁልጊዜ መቃብር፣ ሁልጊዜ መብራት ጠፍቶ ነው አይደል? የኔ እንደዚያ አይደለም። ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሰው ምሳውን በልቶ የሚያዛጋበት ሰዓት። ውጭ ዶፍ ይወርዳል፣ ካፌው ውስጥ ደግሞ ሰው ጢም ብሎ ይንጫጫል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ፈሪ አይደለሁም። ጎረቤት አይጥ ሲገባባት የምትጠራው ባሏን ወይ ወንድሟን አይደለም፣ እኔን ነው። ውሻ ሲያባርረኝ ዞሬ መልሼ ያባረርኩ ሰው ነኝ።

እኔን የሚያስፈራ ገና እናቱ አልወለደችውም።

እሺ። አሁን ስሙኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል፣ እስካሁን አስታራቂ አልመጣም። ቤት እውላለሁ። የጎረቤት ፀጉር እሠራለሁ። በተረፈኝ ጊዜ እህቴን አበሽቃለሁ።

እህቴ ነርስ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም አባቴም እሷ ናት። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ አቅመ ደካሞችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያክም ድርጅት አለ፣ እዚያ ነው።

ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ነርስ ላፕቶፕ ሰጥቷል። ጥቁር፣ ድንጋይ የሚያክል፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተለጠፈበት። ውስጡ የእያንዳንዱ ታማሚ ገጽ አለ። ምን እንዳመማቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤታቸው የት እንደሆነ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ብቻቸውን እንደሚሆኑ። የቱ ጆሯቸው እንደሚሰማ።

ቁልፋቸው የት እንደሚደበቅ።

አዎ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ተነስቶ በር አይከፍትማ! ነርሷ ራሷ ቁልፉን ከተደበቀበት አንስታ ትገባለች። ታማሚዎቹ እንዳይደነግጡ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የተለየ የበር አንኳኳት አለ። እሱም እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ዓይኑ የማያይ ሰው በሩ ሲንኳኳ «የኔዋ ናት» ብሎ እንዲረጋጋ።

ላፕቶፑ ሲሰጣት አንድ ወረቀት አብሮ ተሰጣት። እህቴ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈችው። ልብስ ባወጣሁ ቁጥር ስለማየው በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን እንዲህ ብይዝ ኖሮ ዛሬ እኔም ዶክተር ነበርኩ።

ከቢሮ ውጭ ስትከፍቺው ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ።

በካፌ ኢንተርኔት አታገናኚው።

ለአንድ ደቂቃም ብትነሺ ቆልፈሽው ተነሺ።

ለቤተሰብ አታውሺ።

አንዳች ነገር ቢፈጠር ያኔውኑ ደውይ። ማንም አይቆጣሽም።

የመጨረሻዋን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

*

የዚያን ማክሰኞ እህቴ ከጠዋቱ ዙሯ ተመልሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኝታለች። እኔ ደግሞ ተከታታይ ፊልም አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንጠልጥሎኝ ቀርቷል። ስልኬ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ሰው ሁሉ ሁለት አፍንጫ ያለው ይመስላል።

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

የይለፍ ቃሉን ነግራኝ አታውቅም። ግን ስትጽፍ ጣቷ የሚሄድበትን አይቼ አይቼ ለቅሜዋለሁ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ በሹራቤ ሸፈንኩ፣ እብስ። መንገዱ ጥግ ወዳለው ካፌ። ኢንተርኔቱ ነፃ ነው።

ግድግዳው ጋ ያሉት ወንበሮች ተይዘዋል። መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ለሰው።

ከኋላዬ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰው አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ... ሙሉ፣ ያልተነካ። ወንበሩን የተደገፈ ጥቁር ጃንጥላ። ባለቤቱ ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን...

የሁሉም ሰው ጃንጥላ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። አስተናጋጇ እየዞረች ትወለውላለች።

ያ ጃንጥላ ደረቅ ነበር።

አየሁት። አልፌው ፊልሜን ማውረድ ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ሽንቴ መጣ። ያ ላፕቶፕ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ይቆልፋል፣ ሲቆልፍ ማውረዱ ይቋረጣል። ከዚያ እንደገና ከሀ!

እኔ ማን ነኝ? ቀዩን የፀጉር ማስያዣዬን ከፀጉሬ ነቀልኩና አንዱ ፊደል ላይ ቆንጥጬ ሰካሁት። አንድ ጥርሷ የተሰበረች ማስያዣ ናት። ፊደሉ ተጭኖ ይቀራል፣ ላፕቶፑም «አለች፣ እየነካችኝ ነው» ብሎ ይሞኛል።

በራሴ ብልጠት እየሳቅኩ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

አራት ደቂቃ። ቢበዛ አምስት።

ስመለስ ላፕቶፑ አለ። ፊልሙ ይወርዳል። እፎይ ብዬ ልቀመጥ ስል...

ስክሪኑ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል።

እኔ እንደዚያ አላቆምኩትም። ለተቀመጠ ሰው አይመችም። ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው የሚመቸው።

ማስያዣዬ የለችም።

ጠረጴዛው ሥር አየሁ፣ ወንበሩ ሥር አየሁ። የለችም። ወድቃ አስተናጋጇ ጠርጋት ይሆናል አልኩ። ማስያዣዋ ከሌለች ላፕቶፑ መቆለፍ እንደነበረበት ያሰብኩት ከስንት ቀን በኋላ ነው። አልተቆለፈም። እስክመለስ ድረስ የሆነ ሰው እየነካው ነበር።

ዞር አልኩ።

ሻዩ እንደሞላ ነው።

ጃንጥላው የለም።

*

ለእህቴ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ምን ጠፋ? ላፕቶፑ ቤት ገብቷል፣ እህቴ እንደተኛች ነው፣ የጠፋችው የኔ ማስያዣ ናት። ሌላ ገዛሁ።

ረቡዕ ምንም የለም።

ሐሙስ ለአባባ መርፌ ሾርባ ይዤ ሄድኩ።

አባባ መርፌ የእህቴ ታማሚ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ እግራቸው ከዳቸው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ አንዲት ክፍል። ክፍሏን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ አለ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ራሳቸው የሰፉት፣ መቶ ዓይነት ቀለም። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋቸውና የስፌት መኪናቸው፣ ከመጋረጃው ወዲህ ጠረጴዛና የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ።

እኔን «ምላሳሟ» ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር። እሳቸው ሲሉኝ ደስ ይለኛል። አያት አልነበረኝም፤ ሾርባውን የማመላልሰው እህቴ አዝዛኝ ሳይሆን ወድጄ ነው።

ቁልፋቸው ከመብራት ቆጣሪው ሳጥን ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። አንኳኳታቸው ሁለት... ዝም... አንድ ነው።

አንኳኩቼ ገባሁ።

«ምላሳሟ!» አሉኝ ገና አፌን ሳልከፍት። «ዛሬስ ሰው በሰው ላይ ሆነብኝ። እህትሽ ስትወጣ አንቺ ገባሽ።»

«የትኛዋ እህቴ?»

«ስንት አሉሽ?»

«አባባ፣ እትዬ ዛሬ ሥልጠና ላይ ናት። ከጠዋት ጀምሮ።»

«እንግዲያ ሥልጠናው እዚህ ነዋ!» ሳቁ። «አኩርፋ መሰለኝ፣ ቃል አልተነፈሰችም። ሁለት... ዝም... አንድ። ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጄን ያዘች።»

«የደም ግፊትዎን ለካች?»

«ምንም አልለካች። ያዘችኝ፣ አለቀ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል...»

ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እጇ ምን ይመስላል?» አልኩ።

«ደረቅ።»

«ምን ማለት?»

«ደረቅ ነዋ! ዝናቡን ትሰሚው የለ? አንቺ ራሱ ወለሌ ላይ ጠብ ጠብ እያልሽ ነው። እሷ ጠብታ አልነበረባትም።» ከዚያ መርፌ የሚሰኩባትን ትንሽዬ ትራስ ዳበሱና አንድ ነገር ነቀሉ። «ይልቅ ይሄን አድርሺላት። መዳፌ ላይ ትታው ሄደች።»

ቀይ የፀጉር ማስያዣ።

አንድ ጥርሱ የተሰበረ።

...

ክፍሉን በዓይኔ አሰስኩ። ሬዲዮናቸው አለ። የስፌት መኪናው አለ። ሰዓቱ፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱም አለ። አንዲት መርፌ አልጠፋችም። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር። ሌባ የሚፈልገው ይታወቃል።

«ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽንም ረሳሽው እንዴ?»

«አደርስላታለሁ አባባ» አልኩና ማስያዣዋን ኪሴ ከተትኩ።

እዚህ ላይ እንድትሰድቡኝ እፈቅዳለሁ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለእህቴ መናገር ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? «ላፕቶፕሽን ሰርቄ፣ ካፌ ወስጄ፣ ከፍቼ ትቼው ሽንቴን ሸናሁ» ብዬ? ከሥራ ትባረራለች። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ዓርብ መጣ። ነገ አልኩ።

*

ቅዳሜ። አሁንም ከሰዓት። አሁንም ዝናብ።

እህቴ ላፕቶፑን ከፍታ የሳምንቱን ሪፖርት ትሞላለች። እኔ አልጋው ላይ ልብስ አጥፋለሁ።

«አንቺ...» አለች ቀስ ብላ።

«ወይ።»

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርኩ?»

«ሥልጠና።»

«አባባ መርፌ ጋ ሄጃለሁ ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ። በኔ ስም ተጽፏል።»

ካልሲውን እንደያዝኩ ከኋላዋ መጥቼ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ 8፡10። ታማሚው ደህና ናቸው። እጃቸውን ያዝኩ።

ዓርብ፣ 8፡10። ታማሚው ደህና ናቸው። እጃቸውን ያዝኩ።

«እጃቸውን ያዝኩ?» አለች እህቴ። «ይሄ ምን ዓይነት ሪፖርት ነው? ማን ነው እንዲህ...»

አልጨረሰችውም።

ዓይናችን እያየ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሦስተኛ መስመር መጻፍ ጀመረ። ፊደል በፊደል። ሳይቸኩል።

ቅዳሜ፣ 8፡10።

ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ስምንት ከአሥራ ሁለት።

ታማሚው ደህና ናቸው...

እህቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። እኔ ተከተልኳት። ሁለቱን መንገድ ስንሻገር፣ ዝናቡ አፌ ውስጥ እየገባ፣ ሁሉን ነገርኳት። ካፌውን፣ ማስያዣዋን፣ ጃንጥላውን፣ ደረቅ እጁን። ዞር ብላ አላየችኝም። እየሮጠች «ስንት ቀን?» ብቻ አለችኝ።

«አምስት...»

ፎቁ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሌላ መውጫ የለውም። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ስንወጣ ማንም አልወረደም። ይሄን አስቡልኝ። ማንም አልወረደም።

በሩ ተቆልፏል።

እህቴ እጇን ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ ልትሰድ ስትል ያዝኳት።

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው።

ይወዛወዛል።

ግራ... ቀኝ... ግራ... ቀኝ... እያየነው ቀስ ብሎ ቆመ።

ከፍተን ገባን። አባባ መርፌ አልጋቸው ላይ ናቸው። ደህና ናቸው። ፈገግ ብለዋል። ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ግማሽ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ የሆነ ሰው አሁን እንደለቀቀው።

«ምነው ተመለስሽ ልጄ?» አሏት እህቴን። «የረሳሽው ነገር አለ?»

*

እህቴ እዚያው ሆና ለቢሮ ደወለች። የኮምፒውተር ክፍሉን የሚመራው ልጅ በሩብ ሰዓት መጣ። ወፍራም መነጽር አለው፣ እህቴም በስሙ አትጠራውም፣ «መነጽሩ» ነው የምትለው። ላፕቶፑን እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ብዙ ቆየ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«አርባ ሦስት ሰው» አለ በመጨረሻ። «የአርባ ሦስቱም ገጽ ተገልብጦ ተወስዷል። ማክሰኞ። የይለፍ ቃሉም አብሮ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ቦታ በስምሽ ነው የሚገባው።»

እህቴ «በአራት ደቂቃ?» አለች።

«ለሚያውቅበት ሁለት ደቂቃም ይበቃል።» መነጽሩን አወለቀ። «የሌሎቹን ገጽ አንዴ አንዴ ነው የከፈተው። የሽማግሌውን ግን... አርባ አንድ ጊዜ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የዚያኑ ዕለት ብትደውዪ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንቆልፈው ነበር። ማታውን ቁልፉን ሁሉ እናነሳ ነበር። ምን ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እንዳትቆጡኝ ብዬ...»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

በቃሌ አውቀዋለሁ ብያችኋለሁ። «ማንም አይቆጣሽም» አልኩ።

«አየሽ፣ ማንም አልተቆጣሽም» አለ። «ፈርተን ነው።»

ላፕቶፑን ይዞ ሄደ። በዚያው ምሽት አርባ ሦስት ቤት ተሄደ። ቁልፍ ተቀየረ፣ አንኳኳት ተቀየረ። አዲሱ አንኳኳት ከእንግዲህ የትም አይጻፍም ተባለ፣ ነርሷና ታማሚው በቃላቸው ይያዙት። ለእያንዳንዳቸውም የሆነው ተነገራቸው። መነገር ነበረበት።

ከአርባ ሦስቱ አንዷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሲነገራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው በሩን ከውስጥ አስደገፉበት። በማግስቱ ነርሷ መጣች፣ አልከፍትም አሉ። እህቴ ሄዳ በበሩ ቀዳዳ ለመነቻቸው። «ድምፅሽን ነው እንጂ አንቺን አላውቅም» አሏት። ነርሷ መድኃኒቱን በበሩ ሥር ታንሸራትትላቸው ነበር። በበሩ ሥር መልሰው ያወጡት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መልሰው ማውጣቱን ተዉ።

በሩ ሲሰበር ወንበሩ እንደተደገፈ ነበር አሉ። እሳቸውም ወንበሩን እንደተደገፉ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

እህቴ አልተባረረችም። ግን ከዙር አወጧት። አሁን ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጮኸችብኝም፣ ያ ነው የባሰብኝ። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ነቅላ ከኔ አልጋ በላይ ለጠፈችው።

*

አባባ መርፌ ጋ ጠዋት ጠዋት አዲስ ነርስ ትሄዳለች። ከሰዓት ግን ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። ማንም አላዘዘኝም። በየቀኑ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት። ስምንት ከአሥር ሲል እዚያው እንድገኝ።

አዲሱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ በክር። አዲሱን አንኳኳት እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እዚህም አልጽፈውም፣ አትልፉ።

አንድ ሳምንት። ሁለት። አምስት ሳምንት። ማንም አልመጣም። መነጽሩም በእህቴ ስም የሚገባ የለም አለ። ምላሴ ተመለሰ። እንዲያውም ለጎረቤት ሁሉ «እኔ እያለሁ ዝር አይልም» እያልኩ ማውራት ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ዶፍ። ከእግር እስከ ራሴ በስብሻለሁ። አንኳኳሁ፣ ከፈትኩ። ሾርባውን በሁለት እጄ ስለያዝኩ በሩን ክፍት ትቼ ገባሁ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄን በሹራቤ ጠረግኩ፣ ከዚያ ተመልሼ ዘጋሁት።

ብዙ አልቆየሁም። አሥር ብትቆጥሩ ነው።

«ምላሳሟ» አሉ አባባ ከመጋረጃው ወዲያ። «ዛሬ ደረጃው ላይ እግርሽ በዛሳ።»

«ሁለት ናቸው አባባ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ሳቁ። «እንግዲያ ጆሮዬም ዓይኔን ሊከተል ነው።»

ትናንት የበሉበት ዕቃ ሳፋው ውስጥ ተከምሯል። ሾርባው ትኩስ ነው፣ ትንሽ ይብረድላቸው ብዬ ሳሙና በጠበጥኩና እጅጌዬን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። እንቅልፍ ካልወሰዳቸው በመጋረጃው ወዲያና ወዲህ ሆነን ማውራት ልማዳችን ነው።

«ትሰሚኛለሽ?»

«አቤት አባባ።»

«እህትሽ ትናንት ምሳ ሰዓቷ ላይ ብቅ ብላ ነበር። ከስታለች፣ ድምፅዋ ነገረኝ።»

ማንኪያ አጠብኩ።

«አትዘኚ» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንቺ ግን ዘግይተሽም ቢሆን ተናግረሻል። እኔ ያው አለሁ። አይደል?»

«አሉ አባባ።»

«ያ ሰውዬ... ሰውዬም ይሁን ሴትዮ... መጥፎ እጅ አልነበረውም፣ ታውቂያለሽ? ይዞኝ ዝም ይላል። ክፉ ነገር አላደረገኝም። እንዲያውም እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

«አይፍሩ! ምን ያስፈራዎታል?»

አልጋው ሲጢጥ አለ።

«ተመልሶ ቢመጣስ?» አሉ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ይምጣ! ይሄው እኔ አለሁ አይደል? በዚህ ድስት ነው አናቱን የምለው።»

«አትፈሪም?»

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከአሥር ይላል። አየሁት። ደስ አለኝ፣ ሰዓቱ ደርሶ ማንም ስላልመጣ።

«እኔ?» አልኩ፣ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ሳፋው ውስጥ፣ የሳሙናው አረፋ ውስጥ ሆኖ። «እኔን የሚያስፈራ ገና እናቱ አልወለደችውም!»

አባባ መርፌ ከመጋረጃው ወዲያ ከት ብለው ሳቁ።

«ካልፈራሽ ታዲያ» አሉኝ፣ «እጄን እንዲህ ምን አስጨመቀሽ? ልቀቂኝ፣ ጉረኛ!»